ርካሽ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ ስለ መኪና ባትሪ የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው «ርካሽ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ውዱን ግዙና ተገላገሉ» ይላሉ። ለሰው አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ነገር ግን አልስማማም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኮፋኖ ሥር ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ውዱን ባትሪ መግዛት አይችሉም። መኪናቸው አሮጌ ነው፤ ግን ይተዳደሩበታል፤ ልጆቻቸውን ያመላልሱበታል፤ የታመመ ያደርሱበታል። ለእነዚህ ሰዎች «ውዱን ግዙ» ማለት ምንም አለመምከር ነው። ርካሽና ደህና ባትሪ አለ። ርካሽና የማይረባም አለ። ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ሙያም አይጠይቅም። መለካትና ማንበብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የምጽፈውም ይህንኑ ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ግን፣ በእርግጥ የሞተው ባትሪው ነው ወይ? መኪና አልነሳም ባለ ቁጥር ጥፋቱ ባትሪው ላይ ይወድቃል። አንድ የታክሲ ሹፌር በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ባትሪ ጨርሶ መጣ። ሁለቱንም የገዛው ከውዶቹ ነው። ሦስተኛ ለመግዛት ገንዘብ ተበድሯል። ሞተሩ እየሠራ ስለካው ባትሪው ላይ የሚደርሰው 12.9 ቮልት ብቻ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል። ቺንጋው ተቀየረ፤ ባትሪው በቻርጀር ተሞላ፤ ታክሲው ሥራ ጀመረ። የተበደረውን ገንዘብ ሳይነካው መለሰ። ውድ ባትሪ ይህን ሰው አላዳነውም። ቢለካ ኖሮ ግን ከመጀመሪያው ይድን ነበር።

ቀላል ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ይህንን ራሱ ማየት ይችላል። መኪናው ቆሞ ሲያድር፣ ጠዋት ቁልፍ ከመንካቱ በፊት፣ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ይለካ። 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ካለ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛው ገደማ አለው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። 12 ቮልት ሲያዩ ብዙዎች «ደህና ነው፤ 12 ቮልት ባትሪ አይደል እንዴ» ይላሉ። አይደለም፤ 12 ቮልት ላይ የቆመ ባትሪ ሩቡ ብቻ ነው የቀረው። እባካችሁ ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ማታ ገብቶ ወዲያው የሚለካ ሰው ይታለላል። ከጉዞ በኋላ ባትሪው ላይ ለጊዜው ከፍ ያለ ቮልት ይታያል። ሰዓታት ማረፍ አለበት። ጊዜ ከሌለ ደግሞ የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ ትንሽ ጠብቆ መለካት ይቻላል።

ቀጥሎ መኪናውን እያስነሱ ማየት ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ቮልቱ መውረዱ ያለ ነው። ብርድ በሌለበት አየር፣ የተሞላ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን ደክሟል። ከዚያ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መብራቱንና ማራገቢያውን አብርቶ፣ ጋዝ ትንሽ ረገጥ አድርጎ እንደገና መለካት። ከ13.8 እስከ 14.7 መሃል ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 13 ካልሞላ አዲስ ባትሪም ቢገባ አይቆይም። ከ15 ካለፈ ደግሞ የባትሪውን ውሃ እያፈላ ይጨርሰዋል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። እዚያ ላይ በአንድ ልኬት መፍረድ አይገባም።

ራሶቹንም እዩአቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዛቸው ወይም ማሰሪያው በእጅ የሚነቃነቅ ከሆነ ጤነኛው ባትሪ የሞተ ይመስላል። ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ማጠብ፣ በብሩሽ መፈግፈግ፣ አድርቆ ማጥበቅ ነው። ሶዳው ግን ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ። በዚህ ብቻ ተነስቶ የሄደ መኪና ስንት እንደሆነ ብጽፍላችሁ ገጹ አይበቃኝም።

የስውር ፍሳሽ ጉዳይ ደግሞ አለ። መኪናው ቆሞ ተቆልፎ እያለ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆን አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። አምፔር ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ነው። 50 ሚሊ አምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሽ ለመድረስ 25 ቀን ይፈጅበታል። የሚፈሰው ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ሁለት ቀን ተኩል ነው የሚያቆየው። የሻንጣ ክፍል መብራት አልጠፋ ሲል፣ ቴፕ በጥድፊያ ሲገጠም፣ አላርም ወይም መከታተያ መሣሪያ በማይሆን ቦታ ሲታሰር እንዲህ ይሆናል። ይህንን ለማግኘት ፊውዝ በፊውዝ መፈለግ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ባትሪ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ ከባትሪው ከሆነ ያኔ ወደ ገበያ ይኬዳል። የባትሪ ውስጡ ስድስት ሴል ነው። እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይመጣል። ቻርጅ ተደርጎ አድሮ 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ባትሪ አንድ ሴሉ ሞቷል። እሱን አትለምኑት። «እናክመዋለን» ለሚላችሁም ገንዘብ አትስጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእርሳስ ባትሪ ምሥጢር ያለበት ዕቃ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በፈረንጆቹ በ1859 ነው። ካዲላክ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚነሳ መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1912 ነው። እርሳስ፣ የሰልፈሪክ አሲድ፣ ውሃ፣ መለያያና የፕላስቲክ ሳጥን። ይኸው ነው። ብዙ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸው ባትሪዎች ከጥቂት ፋብሪካዎች የሚወጡበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ስሙ ያልታወቀ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ስሙ የገነነ ሁሉም ከመጋዘን ትኩስ የወጣ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛ አሉኝ። ሲመጡ «ልጄ፣ ቁጥሩ አይገባኝም፤ ርካሹን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ካላወቁ ርካሹን ማወቅ አይችሉም» አልኳቸው። ተቀምጠው ተማሩ። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለአንባቢዎቻችሁም ልንገር።

ለምሳሌ ባትሪው ላይ 55ዲ23ኤል የሚል ተጽፏል እንበል። ይህ የጃፓኖች አጻጻፍ ነው። ብዙ ሰው 55ቱን አምፔር ሰዓት ይመስለዋል። አይደለም። የአቅም ደረጃ ነው። «ዲ» የወርዱንና የቁመቱን ቡድን ይናገራል። 23 ርዝመቱ ነው፤ በሴንቲ ሜትር። «ኤል» ፖዘቲቩ በየትኛው ወገን እንዳለ ያሳያል፤ ሌላው ወገን ሲሆን «አር» ይጻፋል። ወገኑ ከተሳሳተ ሽቦው አይደርስም። ሽቦ ጎትቶ የሚያደርስ ባለሙያ አለ። እኔ አላደርገውም። የተወጠረ ሽቦ ይላላል፤ አንድ ቀን ብረት ይነካል፤ እሳት ይነሳል።

አምፔር ሰዓትም ሲነበብ በስንት ሰዓት እንደተለካ ማየት ነው። ያው 55ዲ23ኤል በ5 ሰዓት አለካክ 48፣ በ20 ሰዓት አለካክ 60 ሊጻፍበት ይችላል። አንዱ ሻጭ «የኔ 60 ነው፣ የእሱ 48 ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ሁለቱ አንድ ዓይነት ባትሪ ሊሆኑ ይችላሉ። በ20 ሰዓት አለካክ 60 ማለት ባትሪው 3 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው።

ሲሲኤ የሚባለው ደግሞ በብርድ የማስነሳት ጉልበቱ ነው። የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ይህም አለካኩ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካኖቹ 30 ሰከንድ ያስሄዱትና ከ7.2 ቮልት በታች እንዳይወርድ ይጠይቃሉ። አውሮፓውያኑ 10 ሰከንድና 7.5 ቮልት ይላሉ። ያው ባትሪ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይወጣለታል። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ስታወዳድሩ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን የመለኪያውን ስም እዩ። ብርድ በሌለበት አካባቢ የሚነዳ ሰው ለትልቅ ሲሲኤ ብዙ ገንዘብ የሚጨምርበት ምክንያት የለም። የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀውን ካሟላ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል። ናፍጣ መኪና ያለው ግን አይቀንስ። የናፍጣ ሞተር ለማዞር ከባድ ነው።

ጽሑፍ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ክብደት ግን አይዋሽም። ጉልበቱ ያለው እርሳሱ ውስጥ ነው። ተራ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ያንኑ መጠን፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚቀልላችሁ ባትሪ ካገኛችሁ እርሳሱ ተቀንሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለቱን በእጃችሁ አንሱ። ሚዛን ካለም አስመዝኑ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

የተሠራበት ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያናድደኝ ጉዳይ ነውና። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል። ሳይሠራ በራሱ እየፈሰሰ ይሄዳል። ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። ሳይሞላ ሲቀመጥ እርሳሶቹ ላይ የሚወጣው ሰልፌት እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ቢደረግ እንኳ ሙሉ አቅሙን አይመልስም። ገዢው «አዲስ ባትሪ ገዛሁ» ብሎ ይሄዳል። ወራት ሳይቆይ ይሞትበታል። ከዚያ «ርካሽ ስለገዛሁ ነው» ይላል። ርካሽ ስለሆነ አይደለም የሞተው። አርጅቶ ስለተሸጠለት ነው። በዚያው መጋዘን ያረጀ ውድ ባትሪም ቢሆን ያው ነው የሚሆነው።

ቀኑ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይጻፍም፤ በኮድ ነው። በብዙ ባትሪዎች ላይ አንድ ፊደል ወሩን፣ አንድ ቁጥር የዓመቱን መጨረሻ አኃዝ ያመለክታል። ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። ሌሎች ፋብሪካዎች የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። ሻጩን ጠይቁት። ካላወቀ ወይም ማሳየት ካልፈለገ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሦስት ወር ያልሞላው ቢገኝ ጥሩ ነው። ስድስት ወር ካለፈውና በየጊዜው ቻርጅ እንዳልተደረገ ካወቃችሁ ተዉት። ቀኑ ባይነበብም ቴስተር አለ። ሱቅ ውስጥ ያለ አዲስ ባትሪ 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ12.4 በታች የሚያሳየውን አትውሰዱ። «መኪናው ላይ ሲገባ ይሞላል» የሚባለውን አትስሙ። ዲናሞ የተሠራው የጎደለውን ለመተካት ነው፤ ባዶ ባትሪ ለመሙላት አይደለም። በዚያ ላይ ባትሪውም ዲናሞውም ይጎዳሉ።

ባትሪ ለምትሸጡ ወገኖቼ በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀኑን በሚነበብ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ገዢው ፊት ለኩለት። ባትሪውን ፀሐይ ላይ አትደርድሩ። ይህ ምንም አያስወጣችሁም። ድሃ ደንበኛችሁን ግን ከከባድ ኪሳራ ታድኑታላችሁ።

ዋስትናም ዋጋውን የሚያሳይ ነገር ነው። ባትሪን በወር ማስላት ልመዱ። ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ውሰዱት። አንዱ ባትሪ ዋጋው 100 ሆኖ የ12 ወር ዋስትና አለው። ሁለተኛው 140 ሆኖ 24 ወር አለው። ሦስተኛው 250 ሆኖ 36 ወር አለው። የመጀመሪያው በወር 8.3 ይወጣለታል። ሁለተኛው 5.8፣ ሦስተኛው 6.9 ነው። በዚህ ሒሳብ የሚያዋጣው መካከለኛው ነው። ጽሑፋቸውን ያነበብኩት ሰው ሦስተኛውን ይመክራሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሳያሰላ የመጀመሪያውን ያነሳል። ደግሞ መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ቢገዛ ትክክል ነው። ማንም አይፍረድበት።

ዋስትናው እንዴት እንደሚከፈልም አንብቡ። ሲበላሽ አዲስ ይሰጣችኋል? ወይስ የተጠቀማችሁበት ጊዜ ታስቦ ቀሪው ብቻ ነው የሚቀነሰው? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ደረሰኝ ላይ የባትሪው ኮድና የተገዛበት ቀን ይጻፍ። ማኅተም የሌለው የቃል ዋስትና ዋስትና አይደለም።

ያገለገለ ባትሪስ? እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ከአደጋ መኪና የወጣ፣ ዕድሜው ያልገፋ ባትሪ በርካሽ ሊገኝ ይችላል። ተሞልቶ በሎድ ቴስተር (ባትሪውን ሥራ አሸክሞ በሚፈትን መሣሪያ) ከተፈተነ ልትገዙት ትችላላችሁ። ፈተናው የሲሲኤውን ግማሽ አምፔር ለ15 ሰከንድ ማስወጣት ነው። ከ9.6 ቮልት በታች ካልወረደ አልፏል። ኮዱ ደግሞ ተነቦ ዕድሜው ይታወቅ። «ታድሷል» ተብሎ የሚሸጠውን ግን አልመክርም። አንዳንዱ የሚታደሰው አሮጌው አሲድ ተደፍቶ በአዲስ ጠንካራ አሲድ ሲተካ ነው። ቮልቱ ለጊዜው ከፍ ይላል፤ ገዢው ፊት ያስነሳል። ጠንካራው አሲድ ግን የደከመውን እርሳስ ይበላዋል። የባትሪ ውሃ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲዱ አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ነው። ስለዚህ አሲድ መጨመር ባትሪውን መግደል ነው።

አሮጌ ባትሪ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈው የሚሸጡም አሉ። ራሶቹን እዩ። ማሰሪያ የነከሰው ጭረት ካለ ወይም በሞረድ ተፍቆ ከመጠን በላይ ካበራ ተጠንቀቁ። ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ኮድና ወረቀቱ ላይ ያለው ይመሳከሩ።

አንዳንድ ባትሪ ላይ አረንጓዴ የምታሳይ ትንሽ ዓይን አለች። ሻጮች «አረንጓዴ ነው፤ ሙሉ ነው» ይላሉ። ያቺ ዓይን የምታየው ከስድስቱ ሴሎች አንዱን ብቻ ነው። የተቀሩት አምስቱ ምን እንደሆኑ አትናገርም። ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ።

ርካሹን የማልመክርበት ቦታም አለ። መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋና መልሶ የሚያስነሳ መኪና ተራ ባትሪ አይችልም። ደጋግሞ ማስነሳትን እንዲችል የተሠራውን፣ ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም የሚባለውን ዓይነት ይፈልጋል። መመሪያው ኤጂኤም ካለ ኤጂኤም ነው። ተራውን ያስገባ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ባትሪው ግን በጣም ቶሎ ይሞትበታል። አንዳንዶቹ መኪኖች ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ካልተነገራቸው በአሮጌው ልክ ይሞሉታል። ይህንን ገንዘብ ስትተምኑ አስቡበት።

ከተገዛ በኋላ አገጣጠሙም ዕድሜውን ይወስናል። ስታወጡ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፤ ስታስገቡ መጨረሻ እሱን እሰሩ። እንዲህ ከሆነ መፍቻው ብረት ቢነካ እሳት አይነሳም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገቡ አይቁም። የሚይዘው ብረት ደግሞ መጥበቅ አለበት። ሰዎች «በኋላ አጠብቀዋለሁ» ብለው ይተዉታል። የሚንቀጠቀጥ ባትሪ ውስጡ እርሳሱ ይረግፋል። ቁመቱ የሚበልጥ ባትሪም አታስገቡ። ኮፋኖው ሲዘጋ ራሶቹን ከነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል።

ሙቀትን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። በሙያችን የታወቀ ግምት አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከፋብሪካ አብሮት የመጣ የሙቀት መከላከያ ሽፋን ካለ አትጣሉት። ጥላ ከተገኘ ጥላ ሥር አቁሙ።

አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ባትሪውም ይጎዳል። ማስነሳት ራሱ ብዙ አይወስድም። 200 አምፔር ለ3 ሰከንድ ማለት ከሩብ አምፔር ሰዓት በታች ነው። ግን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሆኖ መብራት፣ ማራገቢያና ቴፕ አብረው ሲሠሩ ያችም ቶሎ አትተካም። እንዲህ የሚነዳ ሰው ውድ ባትሪ ከሚገዛ መካከለኛውን ገዝቶ በተረፈው ትንሽ ቻርጀር ቢገዛ ይሻለዋል። ያ ቻርጀር የሚቀጥለውንም ባትሪ ያገለግለዋል። መምህሩን የመከርኳቸው ይህንን ነው። መካከለኛውን ገዙ፤ ቻርጀሩን ከጎረቤታቸው ጋር ተጋርተው ይጠቀማሉ።

የመጨረሻው የአሮጌው ባትሪ ጉዳይ ነው። ከክብደቱ ግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ ዋጋ አለው። ብዙ ሻጮች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ይቀንሳሉ። ካልጠየቃችሁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤት አታስቀምጡት። አሲዱን መሬት ላይ አትድፉት። ሰብሮ እርሳሱን ለሚያቀልጥ የሰፈር ሰው አትስጡት፤ ትንሽ ቢጨምርላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ከሁሉም የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። አእምሯቸውን ነው የሚያጠቃው። ባትሪ የነካ ሰው ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የሥራ ልብሱንም ከልጆቹ ልብስ ጋር አብሮ አይጠብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመኪና ኤሌክትሪሺያን